ቀደር የባለሥልጣን መደበቂያ አይደለም



ሙሲባ በወረደ ቁጥር ከሁላችንም አፍ ቀድሞ የሚወጣ ቃል አለ፦ «ቀደር ነው።» እውነት ነው። ከአላህ ውሳኔ ውጭ የሚሆን ነገር የለም። ሙእሚን በዚህ ይጽናናል፣ በዚህ ሶብር ያደርጋል። ነገር ግን ይህ ቃል ልጁን ከቀበረ አባት አፍ ሲወጣና ሕዝብ ከተማውን ለቅቆ እንዲወጣ ማዘዝ ሲገባው ካላዘዘ ሹም አፍ ሲወጣ አንድ አይደለም። የአባትየው ሶብር ነው፤ የሹሙ ግን ከተጠያቂነት ማምለጫ ነው።

ይህን የምንለው የሊቢያዋን ደርናን እያስታወስን ነው። እኛ የ2016ን አዲስ ዓመት ለመቀበል አንድ ቀን ሲቀረን፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023) አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከከተማዋ በላይ ያሉ ሁለት ግድቦች ተከታትለው ተደረመሱ። ውሃው በተኛ ሕዝብ ላይ ወረደ፣ ሰፈሮችን ጠራርጎ ባሕር ውስጥ ከተተ። በይፋ የተመዘገቡት ሟቾች ብቻ ከ4,000 ይበልጣሉ። የደረሱበት ያልታወቀው ደግሞ በሺዎች ይቆጠራሉ።

ድንገተኛ ነበር? አልነበረም። ዳንኤል የተባለው አውሎ ነፋስ ሊቢያ ከመድረሱ በፊት ግሪክን አጥለቅልቆ ነበር። የሊቢያ ሜትሮሎጂ ማዕከልም ከ72 ሰዓት በፊት ለባለሥልጣናት ማስጠንቀቂያ ልኳል። ሦስት ቀን ሙሉ! ሦስት ቀን ለአንድ ከተማ ሽማግሌውን ለመሸከም፣ ሕፃኑን ለማሳፈር፣ ከፍታ ቦታ ላይ ድንኳን ለመትከል ይበቃ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ምን ተደረገ? ከንቲባው ከተማዋ እንድትለቀቅ አስቀድሜ አዝዣለሁ አሉ። ነዋሪዎች ግን የሰሙት ሌላ ነበር። በባሕሩ ዳርቻ ያሉት ማዕበሉን ፈርተው እንዲወጡ ተነገራቸው። በዋዜማው ምሽት ደግሞ የጸጥታ ኃላፊዎች ሰዓት እላፊ አውጀው ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ። አንዱ ውጡ ይላል፣ ሌላው ተቀመጡ ይላል። ሕዝቡ የትኛውን ይስማ? ብዙዎች ታዘዙና ቤታቸው ቆዩ። ቤታቸውም መቃብራቸው ሆነ።

«ውጡ» የሚል ቃል ብቻውን ትእዛዝ አይባልም። እስከ ስንት ሰዓት? ወዴት? በምን መኪና? መራመድ የማይችለውን ማን ይሸከማል? ይህን የማይመልስ ትእዛዝ ኋላ ላይ «ተናግሬ ነበር» ለማለት ብቻ የተነገረ ነው።

ባለሥልጣናቱ አደጋው ከባሕር ሳይሆን ከሸለቆው ሊመጣ እንደሚችል የሚያውቁበት መንገድም ነበራቸው። ግድቦቹ በ1970ዎቹ የተሠሩ ናቸው። በ2007 ጥገና ውል ተፈረመ፤ በ2010 ሥራው ተጀመረ፤ በ2011 በጦርነቱ ቆመ። በ2021 የወጣ የኦዲት ሪፖርት በ2012 እና በ2013 ለግድቦቹ የተመደበ ከ2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ገንዘብ ሥራ ላይ እንዳልዋለ ገለጸ። በ2022 ተመራማሪው ዐብዱልወኒስ ዓሹር ትልቅ ጎርፍ ቢመጣ መዘዙ ለከተማዋ አስከፊ እንደሚሆን ጽፎ አስጠነቀቀ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግድቡን ያልጠገነ አስተዳደር ቢያንስ ከግድቡ ሥር ያለውን ሕዝብ ማውጣት ነበረበት። የቀረው መዳኛ እሱ ብቻ ነበር።

ከጥፋቱ በኋላ የምሥራቁ ፓርላማ አፈ ጉባኤ ዐቂላ ሷሊህ አደጋው አቻ የሌለው የተፈጥሮ አደጋ እንደሆነ ተናገሩ፤ ሕዝቡም «እንዲህ ባደረግን ኖሮ» እንዳይል መከሩ። የዲን ቃል ለማምለጫ ሲውል እንዲህ ነው! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «ምነው ባደረግኩ ኖሮ» ከሚል ጸጸት የከለከሉት ልቡ የቆሰለ ሙእሚን ለሸይጧን በር እንዳይከፍት ነው። አማናውን የበላ ሰው እንዳይጠየቅ ብለው አይደለም። ግመሉን ሳያስር ተወክኩልን ለሚል ሰው መጀመሪያ እንዲያስር አላዘዙምን?

ሰይዲና ዑመርን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ወደ ሻም ሲሄዱ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፣ አንሷሮችን አማከሩ፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ። ከዚያ በነጋታው ሕዝቡ እንዲመለስ አወጁ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ሲጠይቁ፣ የምንሸሸው ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው ብለው መለሱ። አንድ መሪ፣ አንድ ቃል፣ በጊዜው። መውጣትም ቀደር ነው! የደርናን ሕዝብ በመኪና ጭኖ ከፍታ ላይ ማስፈርም ቀደር ይሆን ነበር።

አንዳንዶች «በውሃ የሞተ ሸሂድ ነው፣ ምን ያስቆጫል?» ይሉናል። አዎ፣ አላህ ሸሂድ ያድርጋቸው። ግን ይህ አላህ ለሟቹ የሰጠው እዝነት እንጂ ለቸልተኛው የተጻፈ የነፃነት ወረቀት አይደለም። የደርና ሰዎች ይህን ለይተው ያውቁ ነበር። በሳምንቱ በሶሓባ መስጂድ ፊት ተሰብስበው ተጠያቂዎቹ ለፍርድ ይቅረቡ ብለው ጮኹ። በሐምሌ 2024 (በአውሮፓውያን) ፍርድ ቤት በግድቦቹ ጉዳይ 12 ኃላፊዎችን ከ9 እስከ 27 ዓመት እስር ቀጣ። ሰዓት እላፊ ታውጆ ቤቱ የቀረው ሰው ጉዳይ ግን በግድብ ጥገና ክስ ብቻ አይዘጋም።

ዱዓቶቻችንና ኢማሞቻችን በኹጥባቸው ሶብርን ሲያስተምሩ የመሪን ተጠያቂነትም አብረው እንዲያስተምሩ እንጠይቃለን። እኛም ከእንግዲህ አንድ ሹም ከሬሳ ፊት ቆሞ «ቀደር ነው» ሲል «አሚን» ከማለታችን በፊት እንጠይቅ፦ ማስጠንቀቂያው መቼ ደረሰህ? ትእዛዙን መቼ ሰጠህ? በእነዚያ ሰዓታት መካከል ምን ስትሠራ ነበር?

አላህ የደርናን ሟቾች ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸው ሶብሩን ይስጣቸው፤ በየሀገሩ ያለውን ሕዝብ አማናን ከሚያጎድል ሹም ይጠብቀው። አሚን።