አገርን በሦስት ሳምንት ማጥናት

በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደ ሌላ አገር ልከው እዚያው የማኅበራዊ ሳይንስ ኮርስ ያስተምሯቸዋል። የኮርሱ ርዕስ ተማሪው ያረፈበት ኅብረተሰብ ነው። አክራ ላይ ስለ ድህነትና ልማት፣ ናይሮቢ ላይ ስለ ከተማ ኑሮ፣ ፍሎረንስ ላይ ስለ ጣሊያን ቤተሰብ ወይም ስለ ማፊያ ይማራል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የክፍል ጓደኞቹ አብረውት የመጡ አሜሪካውያን ናቸው፤ አስተማሪውም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ጋር የተጓዘ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ኮርሱ ያልቅና ተማሪው ክሬዲቱን ይዞ ይመለሳል። በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ራሳቸው ይህን አደረጃጀት «የደሴት ፕሮግራም» ይሉታል። አሠራሩ የቆመው ቦታው ላይ መገኘት በራሱ እውቀት ይሰጣል በሚል እምነት ላይ ነው። እምነቱ ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም ገንዘቡን ከፍሎ ሳይማር በቀረው ተማሪ ላይ ብቻ አይቆምም።

አጀማመሩ እንዲህ አልነበረም። በ1923 የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህር ሬይመንድ ከርክብራይድ ስምንት ተማሪዎችን ይዞ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ተማሪዎቹ በቀጥታ ፓሪስ አልገቡም። መጀመሪያ ናንሲ በምትባለው ከተማ ተቀምጠው ፈረንሳይኛቸውን አጠናከሩ፤ ወደ ሶርቦን ያመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ፈረንሳይ የተማሩት ከፈረንሳውያን መምህራን በፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ቆይታቸውም የአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ነበር። ስሚዝ ኮሌጅ በ1925 የራሱን ተማሪዎች ወደ ፓሪስ ሲልክ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በዚያ ዘመን ቋንቋና ጊዜ የትምህርቱ ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩ።

አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መልኩ ፈጽሞ ተለወጠ። ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት በነበረው በ2018/19 የትምህርት ዘመን ከ347 ሺህ በላይ የአሜሪካ ተማሪዎች ውጭ አገር ተምረው ክሬዲት አግኝተዋል። ከመካከላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሄዱት በክረምት ወይም ከስምንት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ሙሉ ዓመት የቆዩት ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው። ከስድስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነበር። ለለውጡ አንዱ ምክንያት ግቡ በቁጥር መለካቱ ነው። በ2005 ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበው የሊንከን ኮሚሽን ሪፖርት በዓመት አንድ ሚሊዮን ተማሪ ወደ ውጭ እንዲላክ ሐሳብ ሲያቀርብ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወዳደሩበትን መለኪያ አስቀመጠ። ሰው ማብዛት የሚፈልግ ተቋም ደግሞ ቆይታውን ያሳጥራል፣ የቋንቋ መስፈርቱንም ያነሳል።

የኬሚስትሪ ተማሪ የአገሩን ቋንቋ ሳያውቅ ሶል ውስጥ ወይም ሳንቲያጎ ውስጥ የቤተ ሙከራ ሥራውን መሥራት ይችላል፤ አሲዱ የሚናገረው ነገር የለም። የማኅበራዊ ሳይንስ ዋና ማስረጃ ግን ሰዎች የሚናገሩት፣ ሳይናገሩ የሚተዉትና እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ነው። ለዚህ ጆሮ ያላበጀ ተማሪ ኅብረተሰቡ መካከል ቢቀመጥም ማስረጃው አጠገቡ ያልፋል።

በእነዚህ ኮርሶች ውስጥ የተለመደውን የቃለ መጠይቅ ልምምድ ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ያሳያል። ሁለት ተማሪዎች ከአንድ አስተርጓሚ ጋር ናይሮቢ ውስጥ ወደሚገኝ የድሆች ሰፈር ይሄዳሉ። አትክልት በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ቤቷ አስገብታ ታስቀምጣቸዋለች። የመጀመሪያው ጥያቄ የወር ገቢዋ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። የሴትዮዋ ገቢ ግን በወር የሚቆጠር አይደለም። ጠዋት ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ትወስዳለች፣ ማታ ትከፍላለች፣ የተረፈውን ለልጆች ምሳና ለቻማ ታደርገዋለች፤ ቻማ የኬንያ እቁብ ነው። በሩ ላይ ጎረቤቶች ቆመዋል። ወረቀት ይዘው ከሚመጡ የውጭ ሰዎች ዕርዳታ ሊከተል እንደሚችል ሰፈሩ ከልምድ ያውቃል፤ ስለዚህ ገቢን ዝቅ አድርጎ መናገር አስተዋይነት ነው። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ በቤቱ ውስጥ ስለ ገንዘብ የሚወስነው ማን እንደሆነ ነው፤ የባሏ ወንድም ግን ጥግ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ ትናገራለች፤ አስተርጓሚው በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። ተማሪዎቹ አንድ ቁጥርና «ባል ይወስናል» የሚል ቃል ጽፈው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ።

በዚያ ቤት ውስጥ ለሶሲዮሎጂ የሚጠቅመው ነገር ሁሉ ከወረቀቱ ውጭ ቀርቷል። ዱቤው፣ ቻማው፣ የጎረቤት ዓይን፣ የዕርዳታ ታሪክ፣ የአማቹ መኖር፣ የአስተርጓሚው ምርጫ አልተመዘገቡም። ከሁሉ የከፋው ግን ተማሪው ያመለጠውን ነገር አለማወቁ ነው። ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ስለ ናይሮቢ ያነበበ ተማሪ ቢያንስ እውቀቱ የተውሶ መሆኑን ያውቃል። ከዚያ ቤት የወጣው ግን «በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል፣ ይህንንም በሥራ ማመልከቻው ላይ ይጽፋል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ በዕርዳታ ድርጅት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለዚያው አገር አስተያየት ሲጠየቅ ያንኑ ይዞ ይቀርባል።

የሚያስደንቀው እነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው ውስጥ የሚያስተምሩት ተቃራኒውን መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ዓመት የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ስለ ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ ይማራል። ማሊኖውስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በትሮብሪያንድ ደሴቶች ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጦ ቋንቋውን በመማሩ የመስክ ጥናት ምን እንደሆነ ለሙያው መለኪያ እንዳቆመ ይነገረዋል። መለኪያው የአውሮፕላን ትኬት ሲቆረጥ ይረሳል።

የጥናት ሥነ ምግባሩም እንደዚሁ ይረሳል። አሜሪካ በ1979 በወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ላይ ተመሥርታ በሰዎች ላይ የሚካሄድ ጥናት አስቀድሞ በቦርድ እንዲታይ ታደርጋለች፤ መነሻው ለሰው ክብር፣ ለደኅንነቱና ለፍትሕ መጠንቀቅ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለክፍል ሥራ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ አጠቃላይ እውቀት ለማፍራት የታሰበ አይደለም ብለው ከዚህ ቁጥጥር ውጭ ያደርጉታል። እንዲህ ሲሆን የናይሮቢዋ ሴት ለማያውቋት ወጣቶች የቤቷን ገመና ስትገልጥ ፈቃዷ በምን መልክ እንደተጠየቀ፣ የተናገረችው የት እንደሚቀመጥ የሚመረምር አካል አይኖርም። ውጤቱ ለእውቀት የማይበቃ ልምምድ ከሆነ ሰውን ደጃፉ ድረስ ሄዶ ማስቸገር በምን ይጸድቃል? ለዚህ ከአሠራሩ ጠበቆች አጥጋቢ መልስ አልተገኘም።

ሌላው ትልቅ ጉድለት የአገሩ ምሁራን ከትምህርቱ ውጭ መሆናቸው ነው። ጋና ሌጎን ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ በ1948 ተመሥርቷል፤ የአፍሪካ ጥናት ኢንስቲትዩቱን በ1963 መርቀው የከፈቱት ክዋሜ ንክሩማ ናቸው። ኮዴስሪያ የተባለው የአፍሪካ ማኅበራዊ ሳይንስ ምክር ቤት ከ1973 ጀምሮ ዳካር ላይ ያሳትማል፣ ያከራክራል። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 ተቋቁሞ የራሱን መጽሔት ያወጣል። የደሴት ፕሮግራም ከእነዚህ ተቋማት አንድ ሰው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ንግግር ይጋብዛል፤ የንባብ ዝርዝሩ ግን ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ማተሚያ ቤቶች የወጣ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አርቺ ማፌጄ የአፍሪካን ፖለቲካ ሁሉ በጎሣ የመተርጎምን ልማድ በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ ሞግቶታል። ያ ሙግት ሳይነበብ ዛሬም ተማሪው «ጎሣና ግጭት» የሚል ርዕስ ተሰጥቶት ይላካል።

የቤኒኑ ፈላስፋ ፖሊን ሁንቶንጂ የዚህን አሠራር ሥር በግልጽ አሳይቷል። በእሱ ትንታኔ በቅኝ ግዛት ዘመን ጥሬ ዕቃው ከአፍሪካ ወጥቶ ፋብሪካው አውሮፓ እንደነበረ ሁሉ በሳይንስም መረጃው ከአፍሪካ ይሰበሰባል፣ ንድፈ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይሠራል። የክረምት ኮርስ ይህን የሥራ ክፍፍል ለወጣቱ ተማሪ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ያስተምረዋል፤ ጋናዊው የሚጠየቅ፣ እሱ የሚተነትን ሆነው ይቀመጣሉ። ችግሩ በውጭ ፕሮግራሞች ብቻ አለመወሰኑን የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ክርክር አሳይቷል። እዚያ የአፍሪካ ጥናት ፕሮፌሰር የነበረው ማህሙድ ማምዳኒ ለጀማሪ ተማሪዎች ስለ አፍሪካ ያዘጋጀው ኮርስ በሌላ ተተካ። በ1998 በአደባባይ ባቀረበው ትችት ተተኪው ኮርስ በሰሜን አሜሪካ ምሁራን ሥራ ላይ ተደግፎ የአፍሪካን ምሁራን ክርክር እንደዘለለ አስረዳ፤ በቀጣዩ ዓመትም ኬፕታውንን ለቆ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

ጉዞው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሆን ደንቡ እንዴት እንደሚጠብቅ ኢትዮጵያውያን በሚገባ ያውቁታል። አንድ ኢትዮጵያዊ አሜሪካ ሄዶ ሶሲዮሎጂ ለመማር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በቶፍል ወይም በአይኤልትስ እንግሊዝኛውን ያስመሰክራል። ከአሜሪካውያን ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ በአንድ ፈተና ይመዘናል። አስተርጓሚ ይዞ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሦስት ሳምንት በየቤቱ ዞሮ «የአሜሪካ ቤተሰብ» በሚል ርዕስ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ክሬዲት ልውሰድ ቢል ተቀባይ አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባም። በ1952 በተመሠረተው የሄግ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም የተማሩ ኢትዮጵያውያንም ብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሠሩት ስለ ኔዘርላንድስ ሳይሆን ስለ ራሳቸው አገር ነው። አፍሪካዊው ውጭ ሄዶም ስለ አፍሪካ መረጃ ያቀርባል፤ አሜሪካዊው አፍሪካ መጥቶ ስለ አፍሪካ ብያኔ ይሰጣል። በሁለቱም በኩል መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

የአሠራሩ ደጋፊዎች ከሚያነሱት ውስጥ አንዱ ክብደት አለው። እየሠራ የሚማር ወይም ከድሃ ቤተሰብ የመጣ ተማሪ ዓመት ሙሉ ውጭ መቀመጥ አይችልም፤ አጭር ኮርስ ከሌለ ጨርሶ አይሄድም። እውነት ነው። ይህ ግን ለጉዞው ዕድል የሚሟገት እንጂ ለክሬዲቱ የሚሟገት አይደለም። ሁለት ሴሚስተር ስዋሂሊ ወይም አማርኛ በአገሩ የተማረ ተማሪ በስድስት ሳምንት የሚያገኘው ምንም ቋንቋ ያልተማረው በአራት ወር ከሚያገኘው ይበልጣል፤ አገር ቤት የሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት ደግሞ ሥራውን አያስለቅቀውም። ሁለተኛው መከራከሪያ ጉዞው ተማሪውን ይለውጠዋል የሚለው ነው። ለማስረጃ የሚቀርበው ከጉዞ በፊትና በኋላ የሚሞላ የአመለካከት መጠይቅ ነው። መጠይቁ የሚለካው ተማሪው ስለ ልዩነት ያለውን ስሜት ነው። ስለ ጋና የመሬት ሥሪት ወይም ስለ ኬንያ ሕገ መንግሥት ምን እንዳወቀ አይነግርም። ለስሜት ለውጥ የሶሲዮሎጂ ክሬዲት የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

የተሻለው መንገድ የታወቀና የተሞከረ ነው። በ1987 የተጀመረው የአውሮፓ ኢራስመስ ፕሮግራም የራሱ ድክመቶች ቢኖሩትም የቦሎኛ ተማሪ ሊዝበን ሲሄድ በተለምዶ የሚመዘገበው ለፖርቱጋል ተማሪዎች በተዘጋጀው ኮርስ ነው። ኢትዮጵያን ካጠኑ አሜሪካውያን መካከል ዶናልድ ሌቪን አማርኛ ተምሮ፣ መንዝ ገብቶ ኖሮ፣ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን በ1965 አሳተመ። ኢትዮጵያውያን ምሁራን መጽሐፉን አጥብቀው ተከራከሩት። ሊከራከሩት የቻሉት ደክሞ ያገኘውን ማስረጃ ከሙግቱ ጋር በአደባባይ ስላቀረበ ነው። ከሦስት ሳምንት ኮርስ የሚወጣ ጽሑፍ ግን አስተማሪው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ የተጠየቁት ሰዎች አያዩትም፣ ሊያርሙትም አይችሉም።

ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት የሚፈርሙ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የኢትዮጵያዎቹም ጭምር፣ ይህን የመለወጥ ሥልጣን በእጃቸው ነው። የሚመጣው ተማሪ ቢያንስ ሁለት ሴሚስተር የአገሩን ቋንቋ የተማረ እንዲሆን፣ ከአገሬው ተማሪ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ እንዲፈተን፣ የንባብ ዝርዝሩን የተቀባዩ ትምህርት ክፍል እንዲያዘጋጅ፣ ቃለ መጠይቁ በአገሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲታይና የተጻፈው ሁሉ ቅጂው እዚያው እንዲቀር በስምምነቱ ውስጥ ይጻፉ። ይህን የማይቀበል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በአስጎብኚ ድርጅት በኩል ይላክ፤ ፊርማ አይሰጠው።