የዘንዶ ልጅ ዘንዶ ብቻ ነውን?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። አባባሉ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ከአንድ የባሕር ማዶ ጨዋታ አንጻር ብንመረምረው ለሙያችን የሚጠቅም ቁም ነገር እናገኛለንና፣ ውድ አንባብያን ጥቂት ታገሡኝ።

ጨዋታው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንደኛው ዳኛም ተራኪም ሆኖ ታሪኩን ይመራል፤ ያሰቡት ይሳካ እንደሆነ ዛሬ በአብዛኛው የሚለየው ባለ 20 ገጽ ዳይስ በመጣል ነው።

ዘንዶ ሲባል እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በጦር የሚወጋው ጠላት ትዝ ይለን ይሆናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ገና በ1974ቱ መጽሐፍ ዘንዶ መሆን የፈለገ ተጫዋች እንደሚፈቀድለት፣ ነገር ግን ከግልገልነት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማደግ እንዳለበት ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1984 በጀመረው «ድራገንላንስ» ውስጥ ደግሞ ድራኮኒያን የሚባሉ ዘንዶ መሰል ክፉ ወታደሮች ብቅ አሉ። እነዚህ ክፉዎች የተገኙት፣ ልብ በሉ፣ ከደጋግ ዘንዶዎች እንቁላል ነው! እንቁላሉ ተሰርቆ በክፉ አስማት ተበላሸ እንጂ ዘሩስ ደግ ነበር። ታዲያ ልጓሙን የሳበው ዘር ነው ወይስ የያዘው እጅ?

እ.ኤ.አ. በ2008 ድራገንቦርን የተባለው ዘንዶ መሰል ሕዝብ በዋናው የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በ2014ቱ እትም ድራገንቦርን ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ በጉልበት 2፣ በግርማ ሞገስ 1 ነጥብ ይጨመርለት ነበር። ሊቅ ልሁን ቢል ግን ዘሩ ምንም አይረዳውም። የ2024ቱ እትም ይህን ሽሮ፣ «ዘር» የሚለውንም ቃል «ዝርያ» በሚል ተክቶ፣ የችሎታ ጭማሪን ገጸ ባሕርይው ቀድሞ ከነበረበት ሥራና ኑሮ ጋር አያይዞታል።

አንዳንዶች «እንዲህ ከሆነ ልዩነቱ ጠፋ፤ ጨዋታው ምን ለዛ አለው?» ይላሉ። ኧረ የቱ ጠፋ? የቀይ ዘንዶ ወገን የሆነው ዛሬም እሳት ይተፋል፤ የነጩም ውርጭ። ከዘር የመጣው ጌጥ ባለበት አለ፤ የቀረው የዕድል ወሰን ነው።

ይሁንና አዲሱም ደንብ እንከን አያጣም። በመጽሐፉ በሰፈረው መሠረት ገበሬ የነበረ ሰው ጉልበቱ፣ ጽናቱና ማስተዋሉ ሊጨመርለት ይችላል፤ የአእምሮ ብልህነቱ ግን አይጨመርለትም፤ ያ ለጸሐፊውና ለመሳሰሉት ተመድቧል። ምነው! ሰማይ አይቶ የዝናቡን ወቅት የሚያሰላ ገበሬ አእምሮ የለውም ያለው ማነው? ይህማ ዘርን በበር አስወጥቶ በመስኮት ማስገባት ነው።

እኛ ነገ ክፍል የምንገባ ሠልጣኞች ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ተማሪ ከቤቱ ይዞት የመጣው ቋንቋና ወግ እንደ ድራገንቦርኑ እሳት ጌጡ ነውና አንንጠቀው። «የማን ልጅ ነህ?» እያልን ጎበዝና ሰነፍ የምንለይ ከሆነ ግን እንቁላሉን የምናበላሸው እኛው ራሳችን ነን። ስለዚህ ማንኛውም ተማሪ ከግልገልነት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ መንገዱን እንክፈትለት፤ መምህርነት ማለትም ይኸው ነው።