ሰንደቅ ዓላማው የሕዝብ ነው፤ ዓርማውንም ሕዝብ ይወስን!



የኑሮ ውድነት፣ የቤት ኪራይና የሥራ አጥነት በሚያስጨንቁን በዚህ ወቅት ስለ ሰንደቅ ዓላማ መነጋገር ቅንጦት የሚመስላቸው ወገኖች ይኖራሉ። እኛ ግን እንዲህ አናምንም። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሻሽ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ለጥምቀት ወይም ለዓድዋ በዓል የወጣ ወጣት «ኮከቡ የት አለ?» ተብሎ ከመንገድ የሚመለስበት አገር የዜጎች ነፃነት የት ድረስ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። የአገሩን ምልክት ያለ ፍርሃት መያዝ ያልቻለ ዜጋ ስለ ዳቦውም ቢሆን ያለ ፍርሃት ሊናገር አይችልም።

ሦስቱ ቀለማት የማንም መንግሥት ወይም ፓርቲ ፈጠራ አይደሉም። ቀድሞ ለየብቻቸው ይውለበለቡ የነበሩት እነዚህ ቀለማት ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ በአጼ ምኒልክ ዘመን በአንድነት ተሰፍተው የአገር መለያ ሆኑ። ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረባቸው አምስት ዓመታት አርበኞች በዱር በገደል ጠበቋቸው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ዳግም ተውለበለቡ። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ድረስ ይዟቸው ዘመተ። በ1949 ዓ.ም. ጋና ነፃ ስትወጣ ከኢትዮጵያ ተውሳ ለራሷ አደረገቻቸው፤ ጊኒ፣ ማሊና ሴኔጋልም በዚሁ መንገድ ተከተሉ። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ በእነዚህ ቀለማት መኩራቱ ምን ያስገርማል?

በቀለማቱ መካከል የሚቀመጠው ዓርማ ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በመንግሥቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ዘውድ የደፋ የይሁዳ አንበሳ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው ደርግ መጀመሪያ የአንበሳውን ዘውድ አወለቀ፤ ቀጥሎም አንበሳውን ራሱን አነሳ። በ1980 ዓ.ም. ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ሌላ ዓርማ መጣ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሽግግሩ ዓመታት ሰንደቅ ዓላማው ልሙጥ ነበር። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታመጣ የተሰቀለላት ይኸው ልሙጡ ነው። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 16 ቢጫ ኮከብ ያለበት ሰማያዊ ክብ ተጨመረበት።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ዓርማው ተለውጧል፤ ቀለማቱ ግን ቀርተዋል። ምክንያቱም ቀለማቱን ያጸናው የሕዝብ መስዋዕትነት ሲሆን ዓርማውን የሚያመጣው ግን ሥልጣን የያዘ ወገን ብቻ ነበር። በአንዳቸውም ጊዜ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት አያውቅም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ዓርማው የብሔር ብሔረሰቦች፣ የሕዝቦችና የሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋን እንዲያንጸባርቅ ደንግጓል። ይህ ተስፋ የእኛም ተስፋ ነው። የምንቃወመው ተስፋው በፖሊስ እንዲጠበቅ መደረጉን ነው። በአዋጅ ቁጥር 654/2001 ዓርማ የሌለበትን ሰንደቅ ዓላማ መጠቀም የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። እኩልነትን ይወክላል የተባለ ምልክት ማስፈራሪያ ሲሆን ሰው ሊወደው ከቶ እንዴት ይችላል? ፍቅር በአዋጅ አይገኝም።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸፋፍን እንነጋገር። ልሙጡን ሲያዩ ዓድዋን የሚያስታውሱ ሚሊዮኖች እንዳሉ ሁሉ፣ በዚያው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ጭሰኛ የነበሩትን አያታቸውንና ቋንቋቸው የተናቀበትን ዘመን የሚያስታውሱ ዜጎችም አሉ። ኮከቡን የመታወቃቸው ምስክር አድርገው የተቀበሉ ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ወገኖች የኢትዮጵያ ጠላቶች አይደሉም፤ ቅሬታቸውም በስድብ አይመለስም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ ልዩ ልዩ ሰንደቅ ዓላማዎች ጎን ለጎን ሲውለበለቡ አይተናል። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ በመንገድ ጠርዝ ላይ በሚቀባ ቀለም ወጣቶች ተጋጩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ጠቡ ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ገባ፤ የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መሰቀሉና መዝሙሩ መዘመሩ ባስነሳው ውዝግብ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተስተጓጎሉ። አዋቂዎች ተቀምጠው ያልፈቱትን ጉዳይ ልጆች በድንጋይ እንዲፈቱት መተው ታላቅ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው።

በመሆኑም በድምፃችሁ ኃላፊነት ከተሰጠን የሚከተሉትን እንፈጽማለን።

አንደኛ፣ ልሙጡን ሰንደቅ ዓላማ በመያዙ፣ በመልበሱ ወይም ቤቱ ላይ በመስቀሉ ማንም ዜጋ እንዳይከሰስና እንዳይታሰር በአዋጁ ውስጥ ያለውን ቅጣት እናነሳለን። ይህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልገውም፤ ምክር ቤቱ በተራ ሕግ ሊያደርገው ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ሕጋዊውን ሰንደቅ ዓላማ ይሰቅላሉ።

ሁለተኛ፣ ብናሸንፍም በማግስቱ ዓርማውን አንፍቅም፤ የራሳችንንም አንለጥፍም። ከእኛ በፊት የነበሩት ያደረጉትን እኛም ብንደግመው ምን ለውጥ አመጣን? በየከተማውና በየወረዳው ውይይት ተደርጎ ዓርማው ይቆይ፣ ይለወጥ ወይስ ይነሳ የሚለው ለሕዝበ ውሳኔ ይቀርባል። ሕዝቡ ለውጥ ከፈለገ፣ በአንቀጽ 105 መሠረት በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲሁም በክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይጸድቃል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ የመጣ ዓርማ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አይለወጥም።

ሦስተኛ፣ ክልሎች የራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ እንዲኖራቸው ሕገ መንግሥቱ የሰጣቸውን መብት እናከብራለን። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ግን የጋራችን የሆነውን የአገሪቱን ሰንደቅ ዓላማና የከተማዋን መለያ ብቻ ይሰቅላሉ። በልጆች ሰልፍ ላይ የፖለቲካ ሽኩቻ አይካሄድም።

አራተኛ፣ የእኛም ሆነ የሌላ ፓርቲ ምልክት በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ታትሞ ለምርጫ ቅስቀሳ እንዳይውል እንሠራለን። ሰንደቅ ዓላማን ለራሱ ብቻ ሊያደርግ የሚሻ ተቃዋሚ ከገዢው አይሻልም።

ውድ መራጮች! ገዢዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ያመጡት ዓርማም አብሯቸው ሲሄድ ኖሯል። ይህን ዑደት ማቆም የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ካርዳችሁን ይዛችሁ ማልዳችሁ ውጡ፤ ለማንም ብትመርጡ የሚፈራችሁን ሳይሆን የሚጠይቃችሁን መንግሥት ምረጡ። እኛ እናንተን ሳንጠይቅ በሰንደቅ ዓላማችሁ ላይ አንዲት መስመር እንኳ ላንጨምር፣ አንዲትም ላንቀንስ ቃል እንገባለን።

ኢትዮጵያ በልጆቿ ነፃ ፈቃድ ጸንታ ለዘላለም ትኑር!