እንግዳህን ራስህ ቁጠር

የተማሪዎች ማኅበርም ሆነ የመሥሪያ ቤት ክፍል ድረ ገጽ በከፈተ ማግሥት የሚጠይቀው «ስንት ሰው አነበበልን?» እያለ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መልሱን ከማን እጅ እንደምንቀበል አስቀድመን ብናስብ መልካም ይሆናል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል አናሊቲክስን ያለ ክፍያ ካቀረበ ወዲህ፣ ብዙዎች ቆጠራውን ለእርሱ ትተውለታል። ገንዘብ ባይከፈልበትም፣ ወደ አንተ ገጽ የመጣው ሰው ወሬ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይጻፋል። ስለ ሕመሙ ሊያነብ የመጣ እንግዳ ይህን አያውቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኦስትሪያና የፈረንሳይ የግል መረጃ ጠባቂዎች በቀረቡላቸው ጉዳዮች ላይ አጠቃቀሙ የአውሮፓን ሕግ ይጥሳል ብለው ወሰኑ፤ ምክንያቱም መረጃው ወደ አሜሪካ መሻገሩ ነበር። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ሌላው መንገድ ቆጣሪውን በራስ ሰርቨር ላይ መትከል ነው። እዚህም ላይ ዐቅምን ማወቅ ያስፈልጋል። ማቶሞ የሚባለው ሶፍትዌር ብዙ ነገር ይዘረዝራል፤ ነገር ግን ፒኤችፒንና ማይኤስኪውኤልን ወይም ማሪያዲቢን ይፈልጋል። አነስተኛ ሰርቨር ለተከራየ ሰው ግን ጎትካውንተር ይበቃዋል። ስሙ ፍየል ቆጣሪ ማለት ሲሆን፣ ሥራውም እንደ ስሙ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ቆጠራውንም ኤስኪውላይት በሚባል መዝገብ ይይዛል። በእንግዳው ኮምፒዩተር ላይም ኩኪ አያስቀምጥም።

አተካከሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በሊኑክስ ሰርቨርህ ላይ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ ፍጠር፤ ፕሮግራሙ በእርሱ ስም ይሥራ። ሁለተኛ፣ ፋይሉን አውርደህ የገጽህን አድራሻና የይለፍ ቃልህን አስመዝግብ። ሦስተኛ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ቆጣሪውም አብሮ እንዲነሣ በሲስተምዲ እዘዝ። አራተኛ፣ ከሌትስ ኢንክሪፕት ነጻ የምስክር ወረቀት አውጥተህ ግንኙነቱን በኤችቲቲፒኤስ ጠብቅ። በመጨረሻም ቆጣሪው የሚሰጥህን አጭር ኮድ በየገጽህ ውስጥ አስገባና፣ ገጹን ከፍተህ መቈጠሩን ተመልከት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና አትቸኵል። ሰርቨሩ የአንተ ከሆነ ጥበቃውም የአንተ ነው። መዝገቡን በየሳምንቱ ገልብጠህ ሌላ ቦታ አኑር፤ አዲስ እትም ሲወጣም አድስ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ደግሞ፣ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ከመትከልህ በፊት አለቃህን አስፈቅድ።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ሥራ ላይ ይዋል። አብዛኛው አንባቢህ በስልክ የሚመጣ ከሆነ፣ ዳታውን በገንዘቡ የሚገዛ ነውና ከባድ ሥዕሎችህን አቅልልለት። ማንም ያልከፈተው ማስታወቂያ ካለም አንባቢን ከመውቀስህ በፊት አርእስቱን መርምር፤ ምናልባት ጉዳዩ ከአርእስቱ አልታወቀ ይሆናል። ይህን ለማወቅ የአንድም እንግዳ ስም አያስፈልግህም።