ባዶው የአቤቱታ መዝገብ

ሕዝብን ያሳትፋል የተባለ ሥራ በአንድ ቀበሌ ተሠርቶ ሲያበቃ መገምገሙ የታወቀ ነው። ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ሊቀ መንበሩ ይጠየቃል፤ መዝገብ ይገለበጣል፤ ከዚያም ቅጽ ይሞላል። በስብሰባ የተገኘ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል፣ ወጣት ይህን ያህል ይባላል። ከታች ደግሞ «የቀረበ አቤቱታ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ከፊቷ «የለም» ተብሎ ሲጻፍ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሥራው ያለ እንከን ተጠናቀቀ ማለት ነው ተብሎ ይታሰባል።

የዚህ ጽሑፍ አስተያየት ተቃራኒው ነው። ከቅጹ ሁሉ ይበልጥ ልንጠራጠራት የሚገባን መስመር ይህችው ናት። አቤቱታ የለም ማለት በደል የለም ማለት ሊሆን ይችላል። አቤቱታ የሚገባበት በር የለም ማለትም ሊሆን ይችላል። ገምጋሚው ሁለቱን ካልለየ የለካው ምንድን ነው?

እኛ የመምህርነት ሙያ የምንማር ሰዎች ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። አንድ መምህር ትምህርቱን ጨርሶ «ገብቷችኋል?» ቢል ስድሳው ተማሪ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። «ጥያቄ ያለው?» ቢል ጸጥ። ታዲያ ይህ መምህር «ክፍሉ በሙሉ ገብቶታል» ብሎ ጠመኔውን ይዞ ቢወጣ ምን እንለዋለን? ምዘና የተማረ ሰው እንዲህ አያደርግም። ደብተር ያያል፤ ከኋላ የተቀመጠችውን ልጅ ጠጋ ብሎ በቀስታ ይጠይቃል። የክፍል ዝምታ ከመረዳት ሊመጣ ይችላል፤ ከፍርሃትም ከመሰልቸትም ሊመጣ ይችላል። የቀበሌ ዝምታም እንደዚያው ነው።

ነገሩ እንዲህ እስከ ዛሬ ድረስ እንዴት እንደ መጣ በአጭሩ እንመልከት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ገበሬው ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን ክልል በማኅበር እንዲደራጅ ተደነገገ። ለጭሰኛው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ ማኅበሩ በአብዛኛው የሚመዘግበው የቤተሰብ ኃላፊውን ስለ ነበር፣ ባል ያላት ሴት በባሏ ስም ተጠቅልላ ቀረች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዘዘ። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በመሬት ረገድ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ወረደ። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜም የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 300 ከፍ እንዲል ተደረገ። እንግዲህ ወንበሩስ በዝቷል። ቀሪው ጥያቄ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ተናግሯል ወይ፣ የተናገረውስ ለፍሬ በቅቷል ወይ የሚለው ነው።

ወደ አካባቢያችን እንምጣ። በስዊድኑ የልማት ድርጅት በሲዳ ድጋፍ የተቋቋመው የአማራ ገጠር ልማት ፕሮግራም ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በደቡብ ወሎና በምሥራቅ ጎጃም ሠርቷል። ከሥራዎቹ አንዱ የአካባቢ አስተዳደርን ማጠናከር ሲሆን፣ ሌላው የመሬት ምዝገባን መደገፍ ነበር። ምዝገባው በ1995 ዓ.ም. አካባቢ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ሁለት ቀበሌዎች አንዷ የደሴ ዙሪያዋ ገራዶ ነበረች። በኋላም ሥራው በየወረዳው ተስፋፋ። አሠራሩ መልካም ነበር። ሕዝቡ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይመርጣል፤ ኮሚቴው ወሰንተኞችን ይዞ ማሳ ለማሳ ይዞራል፤ የተመዘገበው ለሕዝብ ይገለጣል፤ ቅር ያለው ይናገራል። በይዞታ ደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ይሰፍራል፤ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፋል። በ1967 በባሏ ስም ተጠቅልላ የቀረችው ሴት አሁን መልኳ በደብተር ላይ ታየ። ይህን የሚያቃልል ሰው የገጠሩን ኑሮ አያውቅም።

ግን ግምገማው በታደለው ደብተር ብዛት ከቆመ ምን ያመልጠዋል? እንበልና በአምባሰል ቆላ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አለች። በሬ የላትም፤ ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታለች። አራሹ ወሰንተኛዋም ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ድንበሩ ሁለት ትልም ያህል ወደ እሷ ገባ። ደብተሩ በሣጥኗ ውስጥ ነው፤ ፎቶግራፏም አለ። አቤት ብትል ግን ለከርሞ ማን ያርስላታል? የኮሚቴው ሰብሳቢ የአራሹ አማች ቢሆንስ? ስለዚህ ዝም ትላለች። በመዝገቡ ላይ «ሴት ባለይዞታ፦ አንድ፤ አቤቱታ፦ የለም» ተብላ ትቆጠራለች። ለገምጋሚው እሷው ራሷ የስኬት ማስረጃ ሆነች ማለት ነው!

ሁለተኛው ምሳሌ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በደቡብ ወሎ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል አምባሰልና ተሁለደሬ ይገኙበታል። ሲጀመር በእርከን፣ በመንገድና በመሳሰለው ሥራ የተሰማራ ሰው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ያገኝ ነበር። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብለታል። መሥራት የማይችል አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛና የታመመ ሰው ግን ያለ ሥራ በቀጥታ ይደገፋል። ተጠቃሚውን የሚለየው የመንደሩ ሰው ነው። በመንደሩ ኮሚቴ ውስጥ ሴቶች፣ ወጣቶችና አረጋውያን ተወካይ እንዲኖራቸው መመሪያው ያዛል። የተመረጡት ስም በሕዝብ ፊት እንዲነበብ፣ ቅሬታ የሚሰማውም ኮሚቴ ከመራጮቹ የተለየ እንዲሆን ተደንግጓል። ከዚህ የተሻለ አሳታፊ አሠራር በወረቀት ላይ ማግኘት ያስቸግራል። የተያዘውም ነገር ቀላል አይደለም፤ ከዝርዝሩ ያመለጠ ስም ማለት ያልተጣደ ድስት ማለት ነውና።

ታዲያ ይህን ያህል ነገር ተይዞ መዝገቡ ለምን ባዶ ይሆናል? ምክንያቶቹ ቢያንስ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ከላይ ተቆርጦ ይመጣል። ለቀበሌው ይህን ያህል ሰው ከተባለ በኋላ «የእኔን ስም አስገቡ» ማለት «የጎረቤቴን ስም ሰርዙ» ማለት ይሆናል። ነገ እሳት የምትጫረው፣ ቡና የምትጠጣው፣ ሲታመሙ ውሃ የምታቀብለው ያችው ጎረቤት ናት። ማን ደፍሮ ይናገራል?

ሁለተኛ፣ ሰሚውና ተከሳሹ ይቀራረባሉ። ኮሚቴው በስም ቢለያይም በአንድ መንደር ውስጥ አበልጁ፣ አማቹና ጡት አጋሩ ብዙ ነው። በተራራማው አምባሰል ከቀበሌ አልፎ ውጫሌ ወረዳ ድረስ ወርዶ ለመክሰስ ደግሞ እግርም ስንቅም ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው አባባል ገና ከአእምሯችን አልወጣም። ሴቲቱ በስብሰባ ብትናገር እንኳ ጸሐፊው ብዕሩን አያነሳም። አንድ ሽማግሌ ያንኑ ነገር ሲደግመው ግን በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። መጨረሻ ላይም «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይባላል። ሙሉ ድምፅ የተባለው የስንት ሰው ድምፅ ነው?

እዚህ ላይ ከወሎ ቅሬ የምንማረው አለ። ቅሬ ቀብር ማስፈጸሚያ ብቻ አይደለም። በብዙ ቦታ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ባንድ ይዞ፣ መንገድ ያስጠግናል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ቅሬ ሲጠራ የሚታየው ማን እንደ መጣ ሳይሆን ማን እንደ ቀረ ነው። የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል። እኛም በክፍል ስም የምንጠራው የቀረውን ለማወቅ አይደለም ወይ? የፕሮጀክት ስብሰባ ግን የሚያስፈርመው የመጣውን ብቻ ነው። የቀረው በየትም አይጻፍም። ውሃ ልትቀዳ የሄደችው፣ ዓይኑ የማያየው፣ መሬት የሌለው ወጣት፣ እነዚህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ የሉም። በቅርብ ዓመታት ከወለጋ ተፈናቅለው በተሁለደሬ ጃሪ መጠለያ የገቡትን ወገኖቻችንን ደግሞ ልብ እንበል። እነሱን «ነዋሪ» ብሎ ለስብሰባ የጠራ የትኛው ቀበሌ ነው ብሎ የሚጠይቅ ገምጋሚ ያስፈልጋል። ቅሬም ቢሆን እንከን አያጣውም፤ ዳኝነቱ ባመዛኙ የወንዶች ነው። የቀረን የመፈለግ ልማዱ ግን ሊቀዳ ይገባዋል።

እንዴት ይገምገም ለሚለው፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው፣ ጥያቄው በተለያየ ቦታ ይጠየቅ። ሴቶች ብቻቸውን፣ ወጣቶች ብቻቸውን፣ አካል ጉዳተኞች ብቻቸውን ተሰብስበው አገልግሎቱን በነጥብ ይመዝኑ። ሹሞችም ለብቻቸው ራሳቸውን ይመዝኑ፤ ከዚያ ፊት ለፊት ይገናኙ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በትምህርት፣ በጤና፣ በውሃ፣ በግብርናና በገጠር መንገድ ሥራ ላይ የሞከረው ዘዴ ነው። በአዳራሽ ያልተናገረች ሴት በምንጭ ዳርና በወፍጮ ቤት ትናገራለች፤ ገምጋሚው እዚያ ድረስ ይሂድ።

ሁለተኛው፣ አንድን ቃል ከመነሻው እስከ መድረሻው መከተል ነው። ማን ተናገረ? በቃለ ጉባኤ ገባ? ውሳኔ አገኘ? ውሳኔው ለተናጋሪዋ ተመልሶ ተነገራት? ከመቶ ፊርማ ይልቅ እንዲህ የተከታተሉት አንድ አቤቱታ ስለ ቀበሌው ብዙ ያስረዳል።

ሦስተኛው፣ አቤት ያለ ሰው በኋላ ምን ደረሰበት ብሎ መጠየቅ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስሙ አለ ወይስ ተፋቀ? አራሹ መሬቷን ጥሎባት ሄደ ወይስ ቀጠለ? አንድ ሰው ተናግሮ ከተጎዳ ሌላው መቶ ሰው ትምህርቱን ወስዷል፤ መዝገቡም ለዘለዓለም ባዶ ይሆናል።

አንዳንድ ወገኖች «ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፤ ባህላችንም ሴት በአደባባይ እንድትናገር አይፈቅድም» ይሉ ይሆናል። ጊዜ መፍጀቱ እውነት ነው። ግን ያልተሰማ በደል ወረዳ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚፈጀው ጊዜ ይብሳል። ስለ ባህሉ ግን እንነጋገር እንዴ! በወሎ ዝናብ ሲዘገይ፣ በሽታ ሲገባ ዱአ እንዲያደርጉ የሚለመኑት ዱበርቲዎች ሴቶች አይደሉም ወይ? ምርቃታቸውን ለመስማት ሽማግሌው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ወደ ፈጣሪ ሲሆን የሚሰማ ድምፅ ወደ ቀበሌ ሲሆን የማይሰማበት ምክንያት ምንድን ነው? ስለዚህ ባህሉን ባናመካኝ ይሻላል።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባው የሚል ሠልጣኝ እንደማይጠፋ ይታወቃል። ይመለከተናል፣ ያውም በጣም። ነገ ከዚህ ተመርቀን ስንወጣ ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ራቅ ባለ ቀበሌ እንመደባለን። ጽሕፈት የሚችል እየተባለ «መምህር፣ እስቲ ቃለ ጉባኤውን ያዝልን» መባላችን አይቀርም። ርዕሰ መምህር የሆነው በቀበሌው ካቢኔ ይቀመጣል፤ የሴፍቲኔቱም መመሪያ በቀበሌው ግብረ ኃይል ውስጥ ለመምህር ቦታ ሰጥቶ ነበር። እንግዲህ ብዕሩ በእኛ እጅ ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» በሚል አገር ውስጥ የድሃን ቃል ሳይጽፉ መቅረት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመምህር አይነገረውም።

ስለዚህ ጓደኞች፣ ያን ቀን ሲመጣ ከበሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የተቀመጠችውን ሴት እንያት። ስትናገር ንግግሯን ሽማግሌ እስኪደግመው አንጠብቅ፤ በስሟ እንጻፈው። ጽፈን ስንጨርስም ጮክ ብለን እናንብብላትና «ያሉት ይህን ነው ወይ እናቴ?» እንበላት። ገምጋሚ መጥቶ መዝገቡን ሲገልጥ አቤቱታ ቢያገኝ አንፈር። የሚያሳፍረው አቤቱታው ያለ መልስ መቅረቱ ነው።