የመጠባበቂያው ፓራሹት ጥበት

ከአውሮፕላን የሚዘል ስፖርተኛ ሁለት ፓራሹቶችን ይሸከማል፤ ዋናውንና መጠባበቂያውን። በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ጀርመን ሠራሽ «ሳይፕረስ» የአየሩን ግፊት እየለካ ከፍታንና ፍጥነትን ያሰላል፤ ዘላዩ ራሱን ቢስት እንኳ ከምድር 225 ሜትር ገደማ ላይ የመጠባበቂያውን መዝጊያ ክር ይቆርጥለታል። ውድ አንባቢያን፣ እስቲ አስሉት፤ በሴኮንድ 50 ሜትር ለሚወድቅ ሰው የቀረው ጊዜ 4.5 ሴኮንድ ብቻ ነው! መሣሪያው ደግሞ ክር ከመቁረጥ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ጨርቁን ስቦ የሚያወጣው በሞላ ተስፈንጥሮ የሚወጣ ትንሽ ፓራሹት ነው። ማኅደሩ ከጠበበ መውጫው ይዘገያል። ጠባብ ማኅደር ለዓይን ማማሩን አልክድም። የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ልምድ ያላቸው ዘላዮች ዋናውን የሚከፍቱበትን ዝቅተኛ ከፍታ ከ2,000 ወደ 2,500 ጫማ አሳድጓል፤ መልካም አድርጓል። ይህ ግን ጊዜ ይጨምራል እንጂ ማኅደር አያሰፋም። በእኔ አስተያየት፣ ማኅደሩና መጠባበቂያው ለየብቻ ሳይሆን ዘላዩ በሚሸከማቸው አኳኋን፣ አንድ ላይ ታጥፈውና ተጠቅጥቀው ሊፈተኑ ይገባል።