መጀመሪያ ወርቁን ነጠቋት፣ ደንቡን ኋላ ጻፉት!

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። በአገራችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል የቆየ ተረት አለ። ተረቱን ያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ወንድ ለመሆኑ ግን መማል ይቻላል። ታዲያ ይሄ አባባል የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሠለጠንን፣ እኩልነትን ወለድን በሚሉት አገሮችም ሥራ ላይ ሲውል ኖሯል። ልዩነቱ እኛ በተረት ስንለው እነሱ በመተዳደሪያ ደንብ ማለታቸው ብቻ ነው።

ለዚህ ምስክር የምትሆነን ሩስቲ ካኖኮጊ የተባለች አሜሪካዊት የጁዶ ተጋጣሚና አሠልጣኝ ናት። ታሪኳ ከስፖርት ገጽ ወሬነት ያልፋል። ደንብ አውጪው፣ ደንብ ተርጓሚውና ቀጪው አንድ ሰው በሆነበት ቦታ ሁሉ ባለመብቱ ምን እንደሚገጥመው ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህም ለኛም ይመለከተናል።

ሩስቲ በ1935 በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ተወለደች (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያ ስሟ ሪና ግሊክማን ነበር። ያደገችው ኮኒ አይላንድ በሚባለው ሠፈር ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሠርታ የበላች፣ በሠፈር የሴት ልጆች ቡድን ውስጥ ሆና ስትደባደብ ያደገች ናት። በኛ አነጋገር «ወንዳወንድ» የምትባል፣ እናት የምታዝንባት፣ ጎረቤት የሚያማት ዓይነት ልጅ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው አንድ የምታውቀው ሰው አንዲት የጁዶ ዘዴ ያሳያት። አለቀ! ከዚያ ወዲያ ልቧ ሌላ ቦታ አልሄደም። ድብድብ ያስለመዳት ጉልበት በጁዶ ልጓም ገባለት።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንምጣ። ዘመኑ 1959 ነው። የኒውዮርክ ግዛት የወ.ወ.ክ.ማ. የጁዶ ውድድር ይካሄዳል። ወ.ወ.ክ.ማ. ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ስም አይደለም፤ «የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር» ማለት ነው። ሩስቲ የክለቧ ተጠባባቂ ሆና አብራ ሄዳለች። ከቡድኑ አንዱ ወንድ ተጎዳና ሰው ጎደለ። ፀጉሯ አጭር ነው። ጡቷን በፋሻ ጠፍራ አስራ ምንጣፉ ላይ ወጣች። ተጋጣሚዋን ጣለችው። ቡድኗም አሸነፈ፣ ሜዳሊያም አጠለቁ።

ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ሳይሞቅ ወደ ጎን ጠሯትና ጠየቋት፤ «ሴት ነሽ?» አልዋሸችም። «አዎን» አለች። ሜዳሊያውን አምጪ ተባለች፤ አውልቃ ሰጠች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ ሴት እንዳትወዳደር የሚከለክል የተጻፈ ደንብ አልነበረም። ሴት ትመጣለች ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ለመከልከልም የደከመ የለም። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ወንድ» የሚለው ቃል የገባው እሷ ካሸነፈች በኋላ ነው። መጀመሪያ ወርቁን ነጠቋት፣ ደንቡን ኋላ ጻፉት! ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ሲባል የምንሰማው ተማሪ ቤት ነው። ከተማሪ ቤት ወጥተን ቢሮ ለቢሮ ስንንከራተት የምናየው ግን ሌላ ነው። «ይሄ የተከለከለው የት ላይ ተጽፎ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ በነገታው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይጠብቀዋል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ቤቱ ይገባ ነበር። ሩስቲ ግን ኋላ ላይ ስትናገር፣ ያን ቀን «አይደለሁም» ብላ ዋሽታ ቢሆን ኖሮ የሴቶች ጁዶ ኦሊምፒክ ደጃፍ ባልደረሰ ነበር ብላለች። እልኳ የተወለደው ከዚያች «አዎን» ውስጥ ነው ማለት ነው።

በ1962 ጃፓን ሄደች። ቶኪዮ ያለው ኮዶካን የጁዶ መካ ነው። ጂጎሮ ካኖ በ1882 ያቋቋሙት ቤት ነው። በ1926 ለሴቶች የተለየ ክፍል ተከፍቶላቸው ነበር፤ ግን ሴቶቹ በአብዛኛው የሚለማመዱት ቅርጹን እንጂ ፍልሚያውን አልነበረም። ጥቁር ቀበቶ ላይ የደረሰች ሴት እንኳ ሴትነቷ እንዳይረሳ በቀበቶዋ ወገብ ላይ ነጭ መስመር ይሰመርባት ነበር። ሩስቲ ከሴቶቹ ክፍል ገብታ የሚችላት ስትጠፋ ወደ ወንዶቹ አዳራሽ አሻገሯት። በኮዶካን ከወንዶች ጋር እንድትሠለጥን የተፈቀደላት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ሆነች። የወደፊት ባሏን ርዮሄይ ካኖኮጊንም ያገኘችው እዚያው ነው፤ እሱም የጁዶ ሰው ነው።

«እሷስ ፈረንጅ ስለሆነች ነው» የሚል ካለ የጃፓናዊቷን የኬይኮ ፉኩዳን ነገር ይስማ። ወይዘሪት ፉኩዳ የተወለዱት በ1913 ነው። አያታቸው ለጂጎሮ ካኖ ትግል ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ1935 ጁዶ ጀመሩ፤ ባል አግቢ ቢባሉ እምቢ ብለው ጁዶን መረጡ። በ1953 አምስተኛ ዳን ደረሱ። ከዚያ በላይ ለሴት አይሰጥም ተባለ። ያስተማሯቸው ወንዶች እያለፏቸው ሲወጡ እሳቸው ስድስተኛውን ያገኙት በ1972 ነው። 19 ዓመት አንድ ደረጃ ላይ! እንዲህ ዓይነቱን «የእድገት ጥያቄ» የመንግሥት ሠራተኛ አንባቢያችን ሳይነገረው ይገባዋል። ሴትዮዋ አሜሪካ ገብተው፣ ሳንፍራንሲስኮ ላይ ለሴቶች ትምህርት ቤት ከፍተው ሲያስተምሩ ኖሩ። ኮዶካን ዘጠነኛ ዳን የሰጣቸው በ2006 ነው። አሥረኛውን በ2011 የሰጣቸው የአሜሪካው የጁዶ ማኅበር ነው፤ ያኔ 98 ዓመታቸው ነበር። የገዛ ቤታቸው ኮዶካን ግን አሥረኛውን ሳይሰጣቸው በ2013 አረፉ።

ወደ ሩስቲ እንመለስ። የወንዶች ጁዶ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ገባ። የሴቶቹስ ሲባል የኮሚቴዎቹ መልስ ያው የምናውቀው ነበር፤ «ዓለም አቀፍ ውድድር ሳይኖረው እንዴት ኦሊምፒክ ይገባል?» የዓለም ሻምፒዮና ይደረግ ሲባል ደግሞ «ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ እያሉ ሰው ማድከም ማለት ይሄ ነው። ሩስቲ ምን አደረገች? ቤቷን በዕዳ አስያዘችና በኅዳር 1980 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ጁዶ ሻምፒዮና አዘጋጀች። ከ20 በላይ አገሮች መጡ። እንግሊዛዊቷ ጄን ብሪጅ ከ48 ኪሎ በታች አሸንፋ በታሪክ ከመጀመሪያዎቹ የሴት የዓለም ሻምፒዮናዎች አንዷ ሆነች።

እስቲ አስቡት። የራሷን ጣራ አስይዛ! በየአገሩ የውድድር ሰሞን አውሮፕላን የሚሞሉትን «የልዑካን ቡድን አባላት» አስታውሱና ከዚህች ሴት ጋር አስተያዩ። አንዱ አበሉን ይቆጥራል፣ አንዷ የቤቷን ዕዳ ትቆጥራለች። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ማለት ይሄ ነው።

በዚህም አላበቃም። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የሴቶች ጁዶ አልተካተተም። ሩስቲ በፆታ አድልዎ ፍርድ ቤት እገትራችኋለሁ ብላ የኦሊምፒኩን ኮሚቴ አስፈራራች። በ1988 ሴኡል ላይ «ለማሳያ ያህል» ተብሎ ገባ፤ የአሜሪካን ሴቶች ይዛ የሄደችው አሠልጣኝ ራሷ ሩስቲ ነበረች። በ1992 ባርሴሎና ላይ ሙሉ ሜዳሊያ ያለው ውድድር ሆነ። ከወንዶቹ 28 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። ጉዱን ልጨምርላችሁ፤ አሜሪካ በጁዶ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው በ2012 ለንደን ላይ ነው። ያመጣላትስ ማን ነው? ካይላ ሃሪሰን የምትባል ሴት! ከ1964 ጀምሮ ሲሞክሩ የኖሩት ወንዶቿ ያላመጡትን ወርቅ፣ በር ተዘግቶባት የኖረችው ሴት አመጣችው።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ለኛ ምን ያደርግልናል?» ለሚል መልሱ ባርሴሎና ነው። የሴቶች ጁዶ ሙሉ መብቱን ባገኘበት በዚያው በ1992 ኦሊምፒክ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የኛዋ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አጠለቀች። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። ያን ሌሊት ያላለቀሰ ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ግን ልብ በሉ፤ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ኦሊምፒክ የገባው በ1988 ነው። ደራርቱ አሥር ዓመት ቀድማ ብትወለድ የምትሮጥበት ርቀት አልነበራትም! አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው በ1960 ነው፤ የሴቶች ማራቶን የገባው በ1984። በነዚያ 24 ዓመታት ውስጥ በአርሲና በሸዋ ገደላገደል ላይ ውሃ ተሸክመው፣ ከብት ተከትለው ሲሮጡ ኖረው ስማቸው ሳይሰማ ያረጁ ስንት ደራርቱዎች፣ ስንት ፋጡማ ሮባዎች ነበሩ? ቆጣሪ የለም። ያልተሰጠ ሜዳሊያ በስታቲስቲክስ አይመዘገብማ!

ምክንያታቸው ምን ነበር? በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ። ከሩጫው በኋላ ደከማቸው ተባለ። ሯጭ ቢደክመው ምን ይገርማል? ግን ሴት ስለሆኑ ጉድ ተባለና ርቀቱ እስከ 1960 ድረስ ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። በዚያው «ለሴት አይሆንም» በተባለው 800 ሜትር፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ጽጌ ዱጉማ ለኢትዮጵያ ብር አመጣች። የማራቶኑን ብር ደግሞ ትዕግሥት አሰፋ። አገሪቱ ከፓሪስ ካገኘቻቸው አራት ሜዳሊያዎች ሁለቱ የሴት ናቸው።

ለሴት ልጅ አደጋ አለው የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። ለአዛኝ ቅቤ አንጓች ካልሆነ በስተቀር ይሄ ክርክር ውሃ አይቋጥርም። እንሥራ ሙሉ ውሃ አዝላ ዳገት ስትወጣ፣ የእንጦጦን ማገዶ ተሸክማ ስትወርድ «ወገብሽ ይጎዳል» ያላት የለም። ምንጣፍ ላይ ወጥታ መውደቅና መነሣት ስትማር ነው አዛኙ የሚበዛው። ጁዶ መጀመሪያ የሚያስተምረው ደግሞ ሌላውን መጣል እንዳይመስላችሁ፤ ሳይጎዱ መውደቅን ነው። መሸት ሲል ከሥራ ብቻዋን የምትገባ ልጅ ያላችሁ ሁሉ አስቡበት።

በዛሬው ጊዜ በሩ ተከፍቷል ይባላል። እውነት ነው፤ በፓሪስ ለሴትና ለወንድ ስፖርተኞች የተሰጠው ቦታ እኩል ነበር። ግን ከምንጣፉ ዳር፣ ከወንበሩ ላይ ያለውን እንይ። በቶኪዮው ኦሊምፒክ ከነበሩት አሠልጣኞች መካከል ሴቶቹ ከመቶ 13 ብቻ ነበሩ። በኛም አገር ወርቁን ሴቶች እያመጡ ከወንበሩ ላይ ሴት ለማየት ብዙ ጠብቀናል፤ ደራርቱ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆነችው በ2018፣ ከመጀመሪያው ወርቋ 26 ዓመት በኋላ ነው። ሩጪ ስትባል ሴት፣ ወስኚ ሲባል ወንድ! ሴቲቱ ተጋጥማ፣ አሠልጥና፣ ዳኝታ ደንብ ከሚጻፍበት ጠረጴዛ ካልደረሰች ነገም ያው ቅጽ ላይ ያው ቃል ይጨመርባታል።

የሩስቲ ነገር እንዴት አለቀ? በ2008 የጃፓን መንግሥት በፀሐይ መውጫ ኒሻን አከበራት። የገዛ አገሯ ደግሞ በነሐሴ 2009 ጠራቻትና የኒውዮርኩ ወ.ወ.ክ.ማ. የወርቅ ሜዳሊያ አጠለቀላት። የተነጠቀችው በ24 ዓመቷ፣ የተመለሰላት በ74 ዓመቷ። 50 ዓመት ሙሉ! ያኔ በጽኑ ታምማ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ በኅዳር 2009 አረፈች።

መመለሱ ባይከፋም «እንኳን ደስ ያለሽ» ለማለት አፍ ይይዛል። የዘገየ ፍትሕ እንደተነፈገ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው። ሩስቲ ቤት የምታስይዝበት ድፍረትና ጤና ስለነበራት ሃምሳ ዓመት ቆማ ጠበቀች። ሁሉም ሰው ሃምሳ ዓመት የለውም።

ስለዚህ በየፌዴሬሽኑና በየክለቡ ወንበር ላይ ላላችሁ የምንለው አጭር ነው። ደንባችሁን ከጨዋታው በፊት ጻፉና ለሁሉም እንዲታይ ለጥፉት። ስትጽፉትም ሴቶቹ አብረዋችሁ ይቀመጡ። ያሸነፈውን ሰው ደግሞ «ማን ነህ? ማን ነሽ?» ብላችሁ ከመድረኩ ኋላ አትጥሩት። የነጠቃችሁት ካለም ባለቤቱ በሕይወት ሳለ መልሱ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!